ከዘሃራ አፍ የወጣው ቋንቋ

ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንደኛው፣ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ፣ ዘሃራ የምትባል ሴት ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። ፊቷን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ድምጿን ግን ከሆቴሉ ጋር ጉዳይ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ጥርት ያለ፣ ለስለስ ያለ፣ ቃሉን እንደ ምስር ለቅማ የምታወጣው አማርኛ ነበራት። ጉዳዩን ጨርሶ እንኳ ስልኩን ለመዝጋት የሚሳሳ ደንበኛ አይጠፋም ነበር።

ይህን አማርኛ ግን ከእናቷ አላገኘችውም። ዘሃራ የተወለደችው ወሎ ውስጥ፣ ሾንኬ በሚባለው የተራራ አናት መንደር ነው። እዚያ ሰው አፉን የሚፈታው በአርጎብኛ ነው። ወላጆቿ ሲሞቱባት አያቷ አሳደገቻት፤ አያቷም ስትሞት አጎቷ ቂርቆስ አመጣት። ገና ልጅ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች አፏን በከፈተች ቁጥር "የወፍ ቋንቋ! የወፍ ቋንቋ!" እያሉ ከበው ይስቁባታል። ዘሃራ መናገሯን ተወች። ብዙ ወራት ዝም ብላ ስታዳምጥ ከረመችና እንደገና ስትናገር የቂርቆስ ልጅ ሆና ቁጭ አለች። አጎቷ ካረፈ በኋላ በዚያ ቋንቋ የሚያናግራት ሰው አልቀረም፤ እሷም አልፈለገችም። ባሏ ዓብዱሰላም የደሴ ልጅ ነው፤ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው። ለአንዲት ልጇ ለቶይባም አንድ ቃል አላስተማረቻትም። ባሏም ሆነ ሌላ ሰው አገሯን ሲጠይቃት "ወሎዬ ነኝ" ብላ ታልፋለች፤ በቃ።

ነገሩ የደረሰው በ1998 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከነጋ ጀምሮ ራሷን እያመማት ነበር። ደም ብዛት እንዳለባት ከተነገራት ቆይቷል፤ መድኃኒቱን ግን "አሁን ደህና ነኝ" ብላ ከተወችው ሰንብታለች። ደም ብዛት ሳያም፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚሠራ በሽታ መሆኑን ማን ነግሯት።

ስልኩ ጠራ። "ጤና ይስጥልኝ" አለች።

ከወዲያኛው ጫፍ የወንድ ድምፅ መጣ። ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንደ ጥያቄም ጫፉ ላይ ከፍ ይላል። ቃል ግን የለበትም። ግድግዳ ከልሎት የሚያወራ ሰው ይመስላል። መስመሩ ተበላሽቷል ብላ ሌላ አነሳች። አሁን የሴት ድምፅ ነው። እሱም ያው። ሌላም አነሳች። ያው። ሁሉም ይናገራሉ፤ ማንም ምንም አይልም።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ ልታወጣ ቀኝ እጇን ስታነሳ እጇ አልታዘዝ አላት። በግራዋ አወጣችው። በሩ ተከፈተና ሀኒ ገባች፤ ከእንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው ወጣት ናት። ሀኒ አፏን ከፈተች። ድምፁ የሀኒ ነው፣ ከንፈሩም የሀኒ ነው፣ የሚወጣው ግን ያ የስልኩ ጫጫታ ነው። ዘሃራ ጀርባዋን እንደ ውርጭ ነገር ወረራት። ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚለውን ማስታወቂያ የጻፈችው ራሷ ናት። ቀለሙ አለ፣ ፊደሉ ቦታው ላይ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የተረጨ ጉንዳን ከመምሰል በቀር የሚለው ነገር አልነበረም።

"ሀኒ፣ ምን ሆነሻል?" ልትል አሰበች። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። ድምፁ የራሷ ነው፤ ቃሉን ግን ከልጅነቷ ወዲህ ከማንም አፍ አልሰማችውም። ሀኒ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አየች።

ሀኒ በኋላ ለቶይባ እንደነገረቻት፣ ያኔ የጠየቀቻት "እትዬ ዘሃራ፣ እንግዶቹ መስመር እምቢ አለን እያሉ ነው፣ ምንድነው?" ብላ ነበር። መልሱን ግን እስከ ዛሬ ስታስበው ይዘገንናታል። "አማርኛ ይመስላል እኮ፣ ማለቴ... አንዳንዱን ቃል ያወቅሽው ይመስልሻል፤ ልትይዢው ስትይ ያመልጥሻል። የምታውቂውን ሰው ፊት የተናወጠ ውሃ ላይ እንደማየት ነው በቃ።" የዘሃራ አፍ በቀኝ በኩል ወደ ታች ተስቦ ነበር፤ ሀኒ የተቆጣች መሰላት። ኃላፊው አቶ አስገዶም ተጠርተው መጡና አዩዋት። "ደክሟታል፤ ቤቷ ገብታ ትረፍ" አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ አላወቁም እንጂ። ማንም አላወቀም። ሀኒ እስከ በሩ ሸኘቻትና ዘሃራ ብቻዋን ወጣች።

በእስጢፋኖስ በኩል ቁልቁል ወረደች። መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሊስትሮው፣ የሎተሪ አዟሪው፣ የሚኒባሶቹ ሰልፍ፣ ሁሉም ትናንት በነበረበት ነው። ወያላው ከታክሲው በር ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ዜማውን ታውቀዋለች፣ የሚጠራውን ሰፈር ግን አታውቀውም። ከአንድ ሱቅ ራዲዮ ይጮኻል። ሁለት ሴቶች በጎኗ እየተሳሳቁ አለፉ። ከተማው ሙሉ አንድ ምስጢር ተስማምቶ እሷን ብቻ ያስቀራት መሰላት። ቀኝ እግሯ እየተጎተተ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ ዞራ አላነሳችውም።

አደባባዩን ስትሻገር አንድ ሐሳብ መጣባት፦ ሞቻለሁ። ሙት ሰው ያያል እንጂ የሕያዋን ወሬ አይገባውም ይሆናል። ቆመች። ወዲያው ከሩቅ የዙህር አዛን፣ የቀትሩ የሶላት ጥሪ፣ ተሰማ። እያንዳንዱ ቃል ሳይሰበር ደረሳት። ከልጅነቷ ጀምሮ በቃል የያዘችው ነውና ምላሷ አብሮ ተንቀሳቀሰ። አዛኑ ሲያልቅ ዓለሙ ተመልሶ ጫጫታ ሆነ።

ቤት ስትደርስ ቶይባን አገኘቻት። ቶይባ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምትሠራው፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያን ቀን በጊዜ ገብታለች። ዘሃራ "ልጄ፣ ውሃ ስጪኝ" አለቻት። ቶይባ ደንግጣ ተነሳች። ዘሃራ ደገመችላት። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ እናቷን እንደማታውቃት ሴት አየቻት። ዘሃራ ከስልኩም፣ ከመንገዱም ይልቅ የፈራችው ያን ጊዜ ነው።

ቶይባ ጎረቤታቸውን እትዬ የሺሃረግን ጠራች። ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ዘሃራ ያወቀችው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ቶይባ ስትነግራት ነው። ያኔ የታያት የሚንቀሳቀስ አፍ ብቻ ነበር።

እትዬ የሺሃረግ ዘሃራን ቁልቁል አየት አድርገው አማተቡ። "ቶይባ፣ ይቺ እናትሽ አይደለችም" አሉ። "ዓይኗን እዪው እስቲ። ሌላ ነው የሚያይበት።"

"እትዬ የሺ፣ እባክዎን እንዲህ አይበሉ።"

"ልጄ፣ እኔ ምን ጥቅም አለኝ? ማን ነህ በይው። ስሙን ከተናገረ ይለቃታል።"

ዓብዱሰላም ሰንጋ ተራ ካለችው ጎሚስታ ቤቱ፣ እጁን ጎማ እንዳጠቆረው እየሮጠ ደረሰ። ሚስቱ ስታየው በዚያ ቋንቋ አንድ ነገር አለችው። ስሟን ደጋግሞ ጠራት፤ የምትመልስለት ግን በዚያው ቋንቋ ነው።

"ሐኪም ቤት እንውሰዳት፣ አባዬ" አለች ቶይባ።

"ሐኪም ጅኒ ያወጣል?"

"ጅኒ መሆኑን በምን አወቅክ?"

"ከሷ ጋር ስንት ዘመን ኖርኩ፣ ቶይባ! እንዲህ ያለ ቋንቋ ስትናገር ሰምተሻት ታውቂያለሽ? ሰው የማያውቀውን ቋንቋ እንዴት አድርጎ ይናገራል?"

እንዲህ እያሉ ቀናት አለፉ።

ዘሃራ በነዚያ ቀናት አልጋ ላይ ተኝታ ቤቱን ታያለች። አንድ ቀን ስትነቃ ደረቷ ላይ የሰው እጅ ተጋድሞ አገኘች። ቀዝቃዛ ነው፣ ከባድ ነው። በግራ እጇ ልታነሳው ስትሞክር የራሷ ቀኝ እጅ መሆኑን ያወቀችው በቀለበቱ ነው። ጣራውን፣ በሩን፣ ማንኪያውን ስታይ ሁሉም ስሙን ይነግራታል፤ የሚነግራት ግን የዱሮ ስሙን ነው፣ አያቷ የምትጠራበትን። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የዝናቡ ስም መጣ። ቀስ በቀስ አንድ የሚያስፈራ ደስታ ተሰማት። በሩን ዘግታበት የሄደች ቤት ውስጥ ሰዎቹ እሳት አንድደው ሲጠብቋት እንደቆዩ ያህል ነበር። ከደጅ ግን የቶይባ ልቅሶ ይሰማል። ልቅሶ ትርጉም አይፈልግም።

በመጨረሻ ዓብዱሰላም ሼህ መሐመድአሚን የሚባሉትን አዛውንት አመጣ። እሳቸው ሰንጋ ተራ ሱቅ የነበራቸው፣ ዛሬ ዓይናቸው ደክሞ ቤት የዋሉ፣ በሽተኛ ላይ ቁርዓን የሚቀሩ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳበቃ መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀመጡና መቅራት ጀመሩ። ትንሽ እንደቆዩ ዘሃራ አብራቸው ስትቀራ ሰሙ። ከንፈሯ እየተጣመመ፣ ግን ሳትሳሳት። ሼሁ አቆሙ። ጅኒ እንዲህ አያደርግም።

ቢሆንም ደንቡ ነውና "አንተ ማን ነህ? ከየት መጣህ?" ብለው ጠየቁ።

ዘሃራ የሰማችው ጫጫታ ነው። ሽማግሌው ግን ሾንኬ ያየቻቸውን አባቶች መሰሏት። ሰው ሲመጣ አያቷ የምትጠይቀውን ጠየቀቻቸው፤ የማን ልጅ ነዎት? አለቻቸው በአርጎብኛ።

ሼሁም ሳያስቡት፣ ልጅ ሲጠሩት እንደሚመልስ፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም በዚያው ቋንቋ ነገሯት። ከተናገሩ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ይህን ጥያቄ በዚህ ቋንቋ የጠየቃቸው አልነበረም፤ አሁን ከማያውቋት፣ አፏ ከተጣመመ ሴት አንደበት ሲሰሙት ጠጉራቸው ቆመ። ኋላ ለቶይባ እንዲህ አሏት፦ "ልጄ፣ ለአንዲት ቅጽበት እኔም ጅኒ ነው ብዬ ነበር።"

ለዘሃራ ግን በነዚያ ቀናት ሁሉ ሰው ሲናገር የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። በግራ እጇ የሼሁን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች።

"እነዚህ ሰዎች ምን ሆኑ?" አለቻቸው። "ለምንድነው እንደ ሰው የማያወሩት?"

"እነሱ ምንም አልሆኑም" አሏት። "የታመምሽው አንቺ ነሽ።"

ወደ ዓብዱሰላም ዞሩ። "ይህ ጅኒ ከሆነ እኔም ጅኒ ነኝ" አሉት በአማርኛ። "የምትናገረው አርጎብኛ ነው፤ የሷም የኔም የእናት ቋንቋ። የአማርኛ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ግማሹ የገባችሁ እየመሰላችሁ ያስፈራችሁ ለዚህ ነው። አሁን አፏን እይ። እጇን እይ። እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። ተነስ፣ መኪና ጥራ።"

ሐኪም ቤት የተቀበላቸው ዶክተር ታዲዎስ የሚባል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መርምሮ፣ የአንጎሏን ምስል አስነስቶ ሲጨርስ አባትና ልጅን ሼሁንም ጨምሮ አስቀመጣቸው።

"ስትሮክ ይባላል" አለ። "ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ስር በረጋ ደም ተዘግቶ፣ ደም ያጣው ክፍል ተጎድቷል። የተጎዳው የግራው ወገን ነው። የቀኝ እጅና እግራችን የሚታዘዘው ከግራው አንጎል ነው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ የመናገሩንም፣ የመረዳቱንም፣ የማንበቡንም ሥራ የምንሠራው በዚያው በግራው ነው። አላበደችም። ማንም አልገባባትም።"

"ታዲያ አማርኛውን ወስዶ ይሄኛውን ለምን ተወው?" አለ ዓብዱሰላም።

ዶክተሩ ወንበሩን ወደ እሱ አስጠጋ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ በትክክል የሚያውቀው ሰው የለም። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይጎዳሉ፤ አልፎ አልፎ ግን አንዱ ይተርፋል። አንዳንዴ የልጅነቱ፣ አንዳንዴ ሌላው። በቃል የተያዘ ነገር፣ ጸሎትም ዘፈንም፣ ንግግር ሲጠፋ የሚቀርበት ጊዜ አለ።"

ቶይባ ቀስ ብላ "ያን ቀን ብናመጣት ኖሮስ?" አለች።

"ይጠቅማት ነበር" አላት። አልዋሻትም። "ወደፊት ግን እወቁት፣ ለጎረቤትም ንገሩ። የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ በድንገት ሲዝል፣ ንግግር በድንገት ሲበላሽ፣ አንዱ እንኳ ቢታይ ይለፍለት ብላችሁ አትጠብቁ። በሰዓታት ውስጥ ብዙ ነገር ይወሰናል።"

ቶይባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሼህ መሐመድአሚን ቤት መመላለስ ያዘች። እናቷን ለማናገር የእናቷን ቋንቋ መማር ነበረባት። ልጅ ናትና፣ ቋንቋውም ለአማርኛ ቅርብ ነውና ቶሎ ቀናት። መጀመሪያ "ውሃ ልስጥሽ?" አለች። ቀጥሎ "አመመሽ?" አለች። በጋው ሲገባ እናትና ልጅ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያወሩ ጀመር።

ያኔ ቶይባ ያየችው ነገር ደስ አሰኝቷታል፣ አስፈርቷታልም። በአርጎብኛ እናቷ ሌላ ሴት ናት። አማርኛ ተናጋሪዋ ዘሃራ ቁጥብ፣ ቃሏን የምትመዝን ነበረች። ይቺኛዋ ግን ጮክ ብላ ትስቃለች፣ ሰው ታማለች፣ አላፊ አግዳሚውን ስም ታወጣለታለች። ስለ ድንጋይ ቤታቸው፣ ፍየል ሰርቃ ስለሸሸች አክስቷ፣ አያቷ ተራራውን ጉም ሲሸፍነው ስለምትለው ነገር ታወራለች። ዓብዱሰላም ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ያያቸዋል። "ያገባኋት የትኛዋን ነው?" አለ አንድ ቀን፣ እንደ ቀልድ። ማንም አልሳቀለትም።

አማርኛው መመለስ የጀመረው በዓመቱ ነው። አንድ ጠዋት ዘሃራ ባዶውን በረንዳ እያየች፣ ጥርት ባለው የሆቴል ድምጿ "ጤና ይስጥልኝ፣ ማንን ላገናኝዎት?" አለች። ቶይባ ሳህኑን ከእጇ ጣለች። ዘሃራ ግን ያለችውን አታውቀውም፤ ምላሷ ብቻውን ነበር የተናገረው። ከዚያ ቆጠራ መጣ፣ ከዚያ የሰው ስም፣ ከዚያ "እምቢ"፣ ከዚያ ስድብ። የባሏን ስም አስተካክላ የጠራችው ቀን ዓብዱሰላም ወጥቶ ከቤቱ ጀርባ ቆየ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ፊደሎቹም አንድ በአንድ እየነቁ ነገር ማለት ጀመሩ። ወደ ሆቴሉ ግን አልተመለሰችም፤ ቀኝ እጇ እንደ ቀድሞው አልሆነላትም። መድኃኒቷን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላጎደለችም።

ሌላውን ነገር በመጀመሪያ ያስተዋሉት ሼሁ ናቸው። ሊጠይቋት ሲመጡ መልሷ እየዘገየባቸው ሄደ። አንዳንዴ ቃል ፍለጋ ዓይኗን ወደ ጣራ ታነሳለች፤ ከዚያ በአማርኛ ትጨርሳለች። ቶይባ ለዶክተሩ ስትነግረው "አዎ፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም ያጋጥማል" አላት። "አንዱ እየተመለሰ ሲመጣ ሌላው የሚሸሽበት ጊዜ አለ።" እንዴት እንደሚያቆሙት ጠየቀችው። እሱም እንደማያውቅ ነገራት።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሰማዩ ጠቁሮ በመጣበት አንድ ቀን፣ ዘሃራ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ቶይባ ከሥራ ገብታ ወደ ሰማዩ አየችና አንድ ነገር አለች።

የዘሃራ እጅ በሰፌዱ ላይ ቀረ። የልጇ አፍ ተንቀሳቅሷል፤ ድምፁ የልጇ ነው፤ የወጣው ግን ጫጫታ ነው። ያ ውርጭ እንደገና ጀርባዋን ወረራት። ተመለሰብኝ፣ አለች በልቧ። ፊቷን ዳሰሰች፣ አልተጣመመም። ቀኝ እጇን አነሳች፣ ተነሳላት።

"ዓብዱሰላም!" ብላ ወደ ቤት ተጣራች። "እስቲ ተናገር!"

"ምን ልናገር?" አለ ከውስጥ። "ልብስ አስገቡ፣ ሊዘንብ ነው።"

ሁሉንም ቃል ሰማችው። አማርኛው ቦታው ላይ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደሄደ ገባት። ቶይባም ገባት፤ ዘሃራ እያየቻት ፊቷ ተለወጠ።

ዘሃራ በልቧ የዝናብን ስም ፈለገች። ዝናብ፣ አለ ልቧ። ሌላውን ፈለገች። ዝናብ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ባዶነቱም ያስተጋባ ነበር።

"ቅድም ያልሽው" አለች፣ "ምን ማለት ነው?"

"'ተራራው ሊተኛ ነው፣ ልብሱን ጎትቶ ለበሰ' ማለት ነው።"

"ሲያምር። ሼሁ ናቸው ያስተማሩሽ?"

"አይደለም" አለች ቶይባ። "አንቺ ነሽ። አያትሽ የምትለው ነው።"

ዘሃራ ሰፌዱን ወደ ጎን አስቀመጠችና ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ እንደገና በይልኝ አለቻት። ቶይባ አለችላት። ዘሃራ አንድም ቃል ሳይገባት፣ ዝናቡ በረንዳው ላይ እስኪደርስ ድረስ የልጇን ከንፈር እያየች አዳመጠች።